ስመ ብዙው ደራሲ

«ጋሼ፣ መጽሐፌ ሲወጣ ስሜን ብቀይረውስ? የትውልድ ቦታዬንም ሌላ ባደርገውስ? ስሜን ያየ ሰው ገጹን ሳይገልጥ ዘሬን ነው የሚቆጥረው።»

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ጸሐፊ በቴሌግራም የላከችልኝ ጥያቄ ነው። አጫጭር ልብወለዶቿን «እስኪ ይዩልኝ» ብላ ልካልኝ ግማሹን አንብቤ ነበር። ጥሩ ናቸው። ስለ ታሪኮቹ የምለው ሞልቶኛል። ለዚህኛው ጥያቄ ግን መልስ አጣሁ። ያጣሁትም የሚባል ነገር ስለሌለ ሳይሆን ታቺሃራ የሚባል የጃፓን ደራሲ ትዝ ስላለኝ ነው። ስለዚህ ለሷ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ማተሚያ ቤትና አርትዖት ክፍል ውስጥ ነው። «ብዙ አንብቡ፣ ደጋግማችሁ ጻፉ» የሚለውን ምክር ከኔ አትጠብቁ። ያልነገራችሁ የለም፤ እስካሁን ያልሰማችሁት ደግሞ እኔ ስለደገምኩት አትሰሙትም።

በሰባዎቹ አጋማሽ፣ በኛ አቆጣጠር፣ ለኅትመት ሥልጠና ቶኪዮ ተላክሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ያን ጊዜ ጃፓን ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ የውጭ አገር ሰው፣ ዕድሜው 16 ከሞላ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይመዘገባል። የግራ እጁን የሌባ ጣት አሻራ ይሰጣል። የሚሰጡትን ካርድ ደግሞ ሁልጊዜ ኪሱ ይዞ መዞር አለበት። ፖሊስ ጠይቆት ካላሳየ ጣጣ ነው።

አንድ ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። የውጭ አገር ሰዎች የሚስተናገዱበት መስኮት ጋ ስደርስ፣ ወረፋው ላይ ከፊቴ የቆመው የሥራ ባልደረባዬ ሆኖ አገኘሁት። ከኔ ቀጥሎ ባለው ማሽን ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። እዚያው ጃፓን፣ ካዋሳኪ ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ስሙ የጃፓን፣ ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የማያውቅ። እኔን ሊያስተረጉምልኝ የመጣ መስሎኝ ደስ አለኝና ትከሻውን መታ አደረግሁት። ዞሮ አየኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

ወዲያው ጸሐፊዋ ስም ጠራች። የማላውቀው ስም ነው። እሱ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

የማተሚያ ቤት ሠራተኛ እጅ እንዴት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። የጥፍሩ ሥር ጥቁር ነው፤ በሳሙና አይለቅም። ጸሐፊዋ ጣቱን አየችና በመድኃኒት የራሰ ጨርቅ ሰጠችው። ሲፈትግ፣ ሲፈትግ ቆየ። ከዚያ ያንን የጠራ ጣት ይዛ ጥቁር ቀለም ላይ አገላበጠችው፤ ቀጥላም ከጥፍሩ ጫፍ እስከ ጥፍሩ ጫፍ ወረቀቱ ላይ አንከባለለችው። እኔም ተራዬ ሲደርስ እንደዚያው ሆንኩ። ስንወጣ «ቀለም ሊቀቡን ቀለማችንን አጠቡን» አለና ሳቀ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ እንግዳ ነኝ፤ መመዝገቤ ያስኬዳል። እሱ ምን በወጣው?

ምሳ ላይ ነገረኝ። አያቱ ከኮሪያ ነው የመጡት። ጃፓን ኮሪያን በ1910 ጠቅልላ ከያዘች በኋላ እስከ 1945 ድረስ ኮሪያውያን የንጉሠ ነገሥቱ ዜጎች ተብለው ነበር። በ1940 ደግሞ የጃፓን ዓይነት ስም እንዲያወጡ የሚያስገድድ አሠራር መጣ። በወረቀቱ ላይ በፈቃደኝነት ነው ይላል፤ ያልቀየረ ግን ልጁን ትምህርት ቤት ማስገባትም ሆነ ሥራ ማግኘት ይቸግረው ነበር። ጦርነቱ አለቀ። በ1952 ጃፓን ከጦርነቱ አሸናፊዎች ጋር የተፈራረመችው የሳን ፍራንሲስኮ የሰላም ስምምነት ሲጸና ደግሞ ጃፓን ውስጥ የሚኖሩት ኮሪያውያን በአንድ ቀን የጃፓን ዜግነታቸውን አጡ። ካዋሳኪ የተወለደ የልጅ ልጅ እንኳ በሕግ «የውጭ አገር ሰው» ሆነ። «መሥሪያ ቤት እንዳትናገር» አለኝ። አልተናገርኩም።

(ያ የአሻራ ነገር ኋላ ብዙ አነጋግሯል። አልሰጥም ብለው ፍርድ ቤት የቆሙ ነበሩ። ለቋሚ ነዋሪዎቹ በ1993 ቀረ፤ ለሌሎቹም በ2000።)

ከዚያ በኋላ ነው ጓደኛ የሆንነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ እሑድ በባቡር ካማኩራ ወሰደኝ። ከቶኪዮ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ትልቁን የቡድሃ ሐውልት ሊያሳየኝ መስሎኝ ነበር፤ ጎብኚ ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነው። እሱ ግን ወደ ሸለቆው ውስጥ ዙይሰንጂ ወደሚባል፣ ዜን የሚሉት የቡድሂዝም ወገን ገዳም መራኝ። ሽበት ያወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ረግጠውት ረግጠውት መሀሉ ጎድጉዷል። ከዋናው ቤተ መቅደስ ጀርባ ያለው የአትክልት ስፍራ አበባ የሞላበት መስሎኝ ነበር። አበባ የለውም። አለት ብቻ ነው። ገደሉን ፈልፍለው ዋሻ አውጥተውለታል፤ ከፊቱ ኩሬ አለ። ንድፉ የ14ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ የሙሶ ሶሴኪ ነው ይባላል። ኪዮቶ ውስጥ ያለውንና በድንጋይ ሽበቱ የታወቀውን የሳይሆጂን አትክልትም ያሳመረው እሱ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ አልገባኝም። የድንጋይ ካባ መሰለኝ።

ጓደኛዬ ግን የመጣው ለአትክልቱ አልነበረም። የመጣው መቃብር ለመሳለም ነው። የደራሲውን የታቺሃራ ማሳአኪን።

ታቺሃራ በ1980 ነሐሴ ላይ በምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ነው የሞተው። ገና 54 ዓመቱ ነበር፤ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ይወጣ የነበረው ልብወለዱም ሳያልቅ ቀረ። ያኔ ጃፓን ውስጥ ስሙን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። የጃፓን ደራሲዎች የሚጓጉላቸው ሁለት ሽልማቶች አሉ፤ ሁለቱም በ1935 ነው የተቋቋሙት። አኩታጋዋ የሚባለው «ንጹሕ ሥነ ጽሑፍ» ለሚሉት ነው፤ ናኦኪ ደግሞ ሰፊው ሕዝብ ለሚያነበው። ታቺሃራ ለአኩታጋዋ ሁለት ጊዜ ታጭቶ አላገኘም። በ1966 «ነጭ ፖፒ» በሚለው ሥራው ናኦኪን ወሰደ። ኪሞኖ ይለብሳል፣ ጥሩ በሊታ ነው፣ ሸክላ ያውቃል፣ ኖህ ስለሚባለው የድሮ ቲያትር ሲጽፍ ያን የመሰለ የለም። ከጃፓናውያን ይበልጥ ጃፓናዊ ይሉት ነበር።

ጓደኛዬ መቃብሩ ፊት ቆሞ «እሱ ግማሽ ነው» አለኝ። «እናቱም አባቱም ግማሽ ኮሪያዊ፣ ግማሽ ጃፓናዊ ናቸው። ራሱ ጽፎታል።» ትንሽ ቆየና «እኔ ግን ሙሉ ነኝ» አለ። ሙሉ መሆን እንደዚህ ቅር ብሎት የሚናገር ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ከዚያ አንዱን ታሪክ ተረከልኝ። «ጹሩጊጋሳኪ» ይባላል፤ ከሚዩራ ልሳነ ምድር ጫፍ ላይ ያለ፣ መብራት ቤት የቆመበት ገደላማ ዳርቻ ነው። ደማቸው ከኮሪያም ከጃፓንም የሆነ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ጦርነቱ ያበቃ ሰሞን፣ ጃፓን ተሸነፈች ሲባል፣ ታላቅየው በገዛ ዘመዱ በቀርከሃ ጦር ተወግቶ ይሞታል። የወጋው አብሮት ያደገ የአጎት ልጅ ነው። ታናሽየው ያንን ተሸክሞ ይኖራል። እኔ እንደ እኛ አገር ተረት ለጥ ብዬ ነበር የምሰማው። በመጨረሻ «ይቺን መጽሐፍ ያዝ፣ አንድ ቀን ታነበዋለህ» ብሎ ሰጠኝ። ጃፓንኛዬ ከማሽን ክፍሎች ስም ብዙም አያልፍም ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ አዲስ አበባ ይዤው መጣሁ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ታሪኩ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አገኘሁት። «ነፋስና ድንጋይ» የሚለውንም ጨምሬ አነበብኩ። እሱ ደግሞ ስለ አንድ አትክልት ሠሪ ነው። ሰውየው ለአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ አትክልት ይሠራል። ድንጋይ ይመርጣል፣ ያዞራል፣ ይተክላል፤ የቤቱ እመቤት ደግሞ ትመለከታለች። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። ደራሲው ግን አይቸኩልም። ሴትየዋ ልቧ የሚሸፍተው በሰውየው ቃል አይደለም፤ ቃልማ መች ያበዛል። ድንጋዩ የተቀመጠበት አቀማመጥ ነው የሚሠራት። ካማኩራ ላይ የድንጋይ ካባ ያልኩት ነገር ያኔ ተከፈተልኝ። የዜን መነኮሳት አትክልት አበባ የማይፈልገው፣ አበባ ነገ ይረግፋል ብሎ የሚሰብክ ሰው ስለማያስፈልገው ነው። የማያልፈውን ድንጋይ ያስቀምጡልህና የምታልፈው አንተ መሆንህን ተቀምጠህ ታየዋለህ። ታቺሃራም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ቡድሂዝምን አይሰብክም። ሰው ሲመኝ፣ ሲያጣ፣ ሲያረጅ ያሳይና ይተዋል።

ይህን ከየት አመጣው? እሱ ራሱ የሚለው ከልጅነቴ ነው ነው። «ለክረምት መታሰቢያ» ብለን ልንጠራው የምንችለው የ1975 ልብወለዱ ውስጥ ኮሪያ ገዳም ውስጥ በመነኮሳት እጅ የሚያድግ ልጅ አለ። ቅዝቃዜው፣ የአበው ቁጣ፣ ጸጥታው፤ የቆሎ ተማሪ ለነበረ የኛ ሰው እንግዳ የሚሆንበት ነገር ትንሽ ነው። አንባቢው ሁሉ ታሪኩ የራሱ የደራሲው ነው ብሎ ተቀበለ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። ታቺሃራ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ አባቱ ከኮሪያ የባላባት ዘር የሚወለዱ፣ ደማቸው ከጃፓንም ያለበት የዜን መነኩሴ ናቸው። ደራሲው ከሞተ በኋላ ጓደኛው የነበረ ታካይ ዩኢቺ የተባለ ደራሲ ጉዳዩን ተከታትሎ በ1991 መጽሐፍ አወጣ። ግማሽ የሚባል ነገር የለም። አባትም እናትም ኮሪያውያን ናቸው። የባላባቱም ዘር ፈጠራ ነው። ልጁ በ1926 ኮሪያ ውስጥ አንዶንግ ከተማ አጠገብ ሲወለድ የወጣለት ስም ኪም ዩንግዩ ነው። አባቱ ቦንግጆንግሳ በሚባል ጥንታዊ ገዳም ይሠሩ ነበር፤ እሱ ትንሽ ልጅ ሳለ ሞቱ። እናቱ ጃፓን ተሻግራ ሌላ ትዳር ያዘች። እሱም በ1930ዎቹ ተከትሏት ዮኮሱካ ገባ። ከዚያ የእንጀራ አባት ቤት ስም፣ የ1940ው አሠራር ያመጣው ስም፣ ጃፓናዊት ሲያገባ የሷ ቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የብዕር ስም። ታቺሃራ የሚለውን በሕግ ስሙ ያደረገው ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው። ገዳሙ እንኳ እውነት ነው። በ672 የተመሠረተ፣ ኮሪያ ውስጥ እስከ ዛሬ ከቆሙት የእንጨት ሕንፃዎች አንጋፋዎቹ አንዱ የሚገኝበት፣ ዩኔስኮ በ2018 የመዘገበው ትልቅ ገዳም ነው። ለአንድ ደራሲ ይህ አይበቃም ነበር? የባላባት ዘር ምን ሊጨምርለት?

ይህን እንደሰማሁ መጀመሪያ የታሰበኝ ጓደኛዬ ነው። «ሙሉ ነው እኮ! እንዳንተው ሙሉ ነው!» ብዬ ልጽፍለት ፈለግሁ። ጻፍኩም። የሰጠኝ አድራሻ ነበረኝ። ፖስታው ተመለሰ፤ በዚህ ስም የሚኖር ሰው የለም ይላል። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ምናልባት አለ፤ ግን በሌላኛው ስሙ። ጸሐፊዋ መስኮት ላይ ስትጠራው በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። አልያዝኩትም። ሁለት ዓመት ያህል አብረን ስንበላ ስንጠጣ አንድ ቀን «ያ ስምህ ማን ነበር?» አላልኩትም። እንዳላሳፍረው ብዬ ነው። እሱም ሳይጠየቅ አይናገርም። ይኸው እስከ ዛሬ በማያገኘው ስም ነው የማስታውሰው።

ስለዚህ ልጆች፣ ልብወለድ ውስጥ የፈለጋችሁትን ፍጠሩ፣ የሕይወት ታሪካችሁን ግን አትፍጠሩ። ደራሲው በገጸ ባሕርዩ በኩል ቢዋሽ ሥራው ነው፤ ከመጽሐፉ ጀርባ ላይ ሲዋሽ ግን አንባቢው ውል የገባበትን ወረቀት መሰረዝ ነው። ያ ልጅ መቃብር ፊት ቆሞ የተከፋው በዚያ ውሸት ነው።

ይህን ብዬ ደግሞ ብዕሬን አንስቼ ሳስበው አልጸናልኝም። ታቺሃራን መዋሸት ማን አስተማረው? ልጅ ሳለ ስምህን ቀይር ያለው መንግሥት ነው። ትልቅ ሰው ሲሆን ደግሞ የወገኖቹን ዜግነት የነጠቀው ሕግ ነው። ሰዎች ልክ እንደ እሱ ዓይነት ሰው ላይ የሚያደርጉትን በዓይኑ አይቷል። ደግሞስ የሚያመልከው ዜአሚ፣ የኖህ ቲያትር አባት፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ምንድን ነው? አበባ አበባ የሚሆነው ሲደበቅ ነው ይላል። የተዋናይ ምስጢሩ ከወጣ ማማሩም አበቃ ማለቱ ነው። ታቺሃራ ይህን መድረክ ላይ ብቻ ሳይሆን ኑሮው ላይ ሳይተገብረው አልቀረም። ያን ሁሉ ሲደብቅ የኖረ ሰው ባይሆን የወንድማማቾቹን ታሪክ እንደዚያ ይጽፈው ነበር? አይመስለኝም።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳልል ደግሞ ነበር። ሊ ሆይሶንግ የሚባል ጃፓን የሚኖር ኮሪያዊ ደራሲ የኮሪያ ስሙን እንደያዘ በ1972 አኩታጋዋን ወሰደ፤ ከኮሪያውያን የመጀመሪያው ነው። ከታቺሃራ ሽልማት ስድስት ዓመት ያህል ቢዘገይ ነው። በኋላም ሌሎች መጡ። ግን የመጀመሪያው ሰው በሩ እንደሚከፈት በምን ያውቃል?

የብዕር ስም በራሱ ነውር የለውም። እኛስ የክርስትና ስም አለን አይደል? መነኩሴ ሲመነኩስ ስሙን ይቀይራል፤ የዜኑም መነኩሴ እንደዚሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሦስት ስም ይጽፍ ነበር። በአንዱ ግጥም ያወጣል፣ በሁለተኛው ግጥሙን ይነቅፋል፣ በሦስተኛው ደግሞ ነቃፊውን ልክ ያስገባዋል። የሦስቱንም ክፍያ ከአንድ መስኮት ይቀበላል። ሒሳብ ክፍል ያውቁት ነበር፤ ግን ሰዉ ሐያሲውን ስለወደደው ዝም አሉት።

የዛሬ ልጆች ላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የፌስቡኩ «ስለ ደራሲው» ከታሪኩ ይረዝማል። ተሸላሚ፣ አሠልጣኝ፣ አነቃቂ፣ መሥራች። የጻፈውን ስትጠይቁት ሁለት ገጽ። ታቺሃራ ቢያንስ ከውሸቱ ጀርባ መደርደሪያ የሚሞላ መጽሐፍ ነበረው። ዩኒቨርሲቲውን አቋርጦ ወጥቶ ዓመታት ሙሉ ማንም ሳያውቀው ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እናንተ ከኛ ትሻላላችሁ። እኛ የከበደንን ነገር አንጠይቅም ነበር። ይቺ ልጅ ጠየቀች።

ጥያቄዋም የዋዛ አይደለም። እዚህ አገር ዛሬ ስም ተጠርቶ ዘር ሲቆጠር እያየን ነው። እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ልጆች በ1980ዎቹ ከአውሮፕላን እንደወረዱ የዕብራይስጥ ስም ሲሰጣቸው ማንም አልጠየቃቸውም፤ ካደጉ በኋላ የእናታቸውን አወጣጥ የመለሱ አሉ። ውጭ ያሉት የኛ ልጆች ደግሞ ሥራ ሲያመለክቱ ስማቸውን ያሳጥራሉ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ለማንኛውም መልሴን ላክሁላት። ስምሽን ቀይሪ ካልሽ ቀይሪ፣ ያንቺ ነው። የትውልድ ቦታሽን ግን ወይ እውነቱን ጻፊ፣ ወይ ባዶ ተይው፤ ሌላ ቦታ አትወለጂ። ባዶውን ማንም አይጠይቅሽም። ለቅርብ ሰዎችሽ ደግሞ ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው። ስማቸውን የደበቁ የሚመስሉሽንም ሰዎች ጠይቂያቸው፤ ቢከፋቸው ይቅርታ ትያለሽ።

ማታውኑ መለሰች። ባዶ ትተወዋለች፤ ስሙን ገና ታስብበታለች። ጥሩ። አሁን ወደ ሥራው። ሦስተኛው ታሪክ ላይ አክስትየዋ በለቅሶ ቤት የምትናገረው ንግግር አንድ ገጽ ተኩል ነው። በለቅሶ ቤት እንደዚያ የሚናገር ሰው የለም፤ ቁረጪው። አምስተኛው ላይ ልጅየው ባቡር ጣቢያ የሚቆምበት ክፍል ግን አንድ ቃል እንዳትነኪበት። የተስተካከለውን እስከ ጥምቀት ላኪልኝ፤ ዓይኔ ሳይደክም በጠዋት ነው የማነበው።